አሻራ ዜግነት አይነጥቅም



በ1894 ዓ.ም. ውል ባሮና አኮቦ ድንበር ሲሆኑ ኑዌሩም አኙዋኩም ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ግንባሩ የተተለተለ ኑዌር በየቢሮው «ከየት መጣህ?» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ግን ግንባር አይመረምርም፤ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው።

ፓርቲያችን ፋይዳን አይቃወምም። ለነዋሪ የሚሰጥ ስለሆነ ስደተኛውም ማግኘቱ ተገቢ ነው። የሚያሰጋን ሌላ ነው፦ በችግር ቀን ለራሽን ብሎ በመጠለያ ጣቢያ አሻራውን የሰጠ ዜጋ በመዝገብ «ስደተኛ» ሆኖ ቢቀር አቤት የሚለው ለማን ነው? በኬንያ ጋሪሳ ብዙ ሶማሌ ኬንያውያን በዚሁ ምክንያት ለዓመታት መታወቂያ ተከልክለዋል።

አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ፍርድ ቤትም ይከልሰዋል። ኢሚግሬሽን በዚህ ይገዛል። ቀበሌ ግን የክልል አካል ነውና አዋጁ አይደርስበትም። በቃል «ሂድ» የተባለ ሰው ምን ይዞ ይከሳል?

ስለዚህ ክልሉ ተመሳሳይ ሕግ እንዲያወጣ፣ መታወቂያ የከለከለ ሹም ምክንያቱን አመልካቹ በሚያውቀው ቋንቋ ጽፎ እንዲፈርም፣ የተሳሳተ ምዝገባ የሚታረምበት ቢሮም እዚሁ ጋምቤላ እንዲከፈት በምክር ቤት እንታገላለን።