የወደቀው መብራት ቀልድ የማን ነው?

እህቶች፣ በዚህች መጽሔታችን ስለ ኢቃማና ስላልተከፈለ ደሞዝ ብዙ ጽፈናል። ዛሬ ደሞ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጸሐፊ ላውራችሁ። «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። ጆን ሱሊቫን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እናቱ አልፎ አልፎ የሰው ቤት ታጸዳ ነበር፣ አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ያለ ምንም ወረቀት ከትምህርት ቤት ወጥቶ ተላላኪ ሆነ፤ ከዚያም ያገኘውን ሁሉ ሠራ። ማታ ማታ የጻፈውን ለቢቢሲ ቢልክ መለሱበት። በ1970ዎቹ እዚያው ቢቢሲ ገባ፤ ግን በጸሐፊነት እንዳይመስላችሁ፣ የመድረክ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ነው። እዚያ አንዱን አዘጋጅ ተጠግቶ «ሐሳብ አለኝ» አለው። በ1977 የመጀመሪያው ኮሜዲው ታየ፤ በ1981 ደግሞ «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» ጀመረ። በለንደን ደሃ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ፣ ገበያ ላይ ዕቃ እየቸረቸሩ ሀብታም ለመሆን የሚያልሙ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። በ1996 መጨረሻ የታየውን ክፍል ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

እኔ ግን የምወደው የመብራቱን ክፍል ነው። ወንድማማቾቹ በአንድ ባላባት ቤት ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ትልቁን የክሪስታል መብራት (ዓረቦቹ ሱረያ የሚሉትን) ሊያጸዱ ይገባሉ። ሁለቱ መሰላል ላይ ቆመው ጨርቅ ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ አያትየው ፎቅ ላይ ሆኖ ብሎኑን ይፈታል። ከዚያ ከጀርባቸው ያለው ሌላኛው መብራት ወርዶ ድቅቅ ይላል!

ይህን ሱሊቫን የሰማው ከአባቱ ነው። አባቱ ወጣት ሆኖ በሠራበት ቤት በእውነት የሆነ ነገር ነበር። ልጁ ሲስቅ አባትየው አልሳቀም፤ ሰዎች እንጀራቸውን አጥተውበታላ። ማዳም ከአገሯ ያመጣችውን ብርጭቆ የሰበረች እህት ይሄ ይገባታል። መሰላሉ ላይ ያለውን ሰው ፍርሃት የሚያውቅ ነው የጻፈው፣ ስለዚህ እየሳቅንም ልባችን ከሠራተኞቹ ጋር ነው።

እዚህ በረመዳን ከማያቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ግን ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የምትወጣው በተሰባበረ ዓረብኛዋ እንዲሳቅ ነው። ሻይ ታቀርባለች፣ ቃል ትሳሳታለች፣ ትወጣለች። የአገራችን ቀልድም ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ ከገጠር የመጣችውን ሠራተኛ አነጋገር ስንት ጊዜ ሳቅንበት? ያንን የሚጽፉት ሰዎች መወልወያ ይዘው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ሱሊቫን ከቻለ እናንተም ትችላላችሁ» ልላችሁ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ስብከት ያናድደኛል። የእሱ ፓስፖርት በአሠሪው ቁምሳጥን አልተቆለፈበትም። ሥራ ሲያስጠላው ለቆ ሌላ ይይዝ ነበር፤ ድርሰቱን ለመጻፍም የእረፍት ፈቃድ ወስዷል። ከእኛ መሃል የሳምንት እረፍት ያላት ስንቷ ናት? የእረፍት ቀን የምንጠይቀው ለመተኛት ብቻ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ቀልዱ ግን አለን። አርብ አርብ ስንሰበሰብ የሚወራውን አስቡት። ያቺ አዲስ የመጣች ልጅ «ባብ ዝጊ» ስትባል «ባባን» መስሏት፣ ሽማግሌውን መኝታ ቤት ቆልፋባቸው ቁልፉን ለማዳም ያስረከበችው! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷ ግን የዚያን ቀን ስትንቀጠቀጥ ነው ያደረችው። ሁለቱም አንድ ላይ መጻፍ አለበት፣ ደሞ በእኛ እጅ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንድ ገጽ ለዚህ ይከፈት ብዬ ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። ደብተር የሌላት በስልኳ ትጻፍ፤ መጻፍ የሚከብዳት በድምፅ ትላክልን፣ እኛ እንጽፍላታለን። የአሠሪ ስምና የቤት አድራሻ ግን አታስገቡ።