ኔትወርኩን ተዉት፣ ያረጀው ዝርዝሩ ነው

ኧረ እባካችሁ፣ ሰርቨር ላይ አንድ ነገር አልጫን ባለ ቁጥር «ኔትወርክ የለም» ማለት ይብቃን! ጂንካ ላይ ኔትወርክ የሚያስቸግርበት ቀን እንዳለ አልክድም። ስክሪኑ ላይ 404 ተብሎ ከተጻፈ ግን ኔትወርክ አለ ማለት ነው። በር ከፍቶ «የምትፈልጉት ሰው እዚህ የለም» ያላችሁን ሰው «ቤቱ ሰው የለውም» ትሉታላችሁ እንዴ?

ኡቡንቱም ዴቢያንም ፕሮግራም ሲጭኑ መጀመሪያ የሚያዩት ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን የፓኬጅ ዝርዝር ነው። የቱ ቨርዥን የት አድራሻ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። የሚያድሰው ደግሞ አፕት አፕዴት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ካልታደሰ ማሽኑ ከወራት በፊት የነበረውን ፋይል ይጠይቃል፤ ማከማቻው አዲስ ቨርዥን ሲገባለት ያንን አንስቶታል። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው። አርብ ሄዳችሁ ሜዳው ባዶ ቢሆን መንገዱን ትረግማላችሁ?

በእጅ ሲሠራ ይሄ ቶሎ ይታያል። ጉዱ ያለው በአንሲብል ብዙ ማሽን በአንድ ፋይል የምታዋቅሩት ጋ ነው። ፋይሉ «ይሄን ጫን» ይላል፣ «መጀመሪያ ዝርዝሩን አድስ» አይልም። ትናንት በተዘጋጀ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ከስድስት ወር በፊት በተቀዳ ዲስክ ላይ ይወድቃል። ከዚያ አንዱ ጎበዝ «ኢግኖር ኤረርስ» የምትል መስመር ይጨምርና በቃ፣ ሪፖርቱ ላይ የወደቀ ዜሮ! ራሱ አፕትም ቢሆን ዝርዝሩን ማውረድ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ «አሮጌውን ተጠቅሜያለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ እንደተሳካለት ሆኖ ይወጣል። ማስጠንቀቂያውን ማን ያነበዋል?

ሌላው የእኛው አገር ጉዳይ ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩንም 3፡00 የሚያደርግ ሞልቷል። ማሽኑ ግን 9፡00 ማለት ነበረበት፤ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የወጣ ዝርዝር ሲመጣለት «ቀኑ ገና ነው» ብሎ አይቀበልም። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀበት ማሽንም መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። የፊርማና የቀን ማረጋገጫውን የሚያጠፉት ግን ያናድዱኛል። ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀኝ ተብሎ ዘበኛ ይባረራል?

«በየጊዜው ማደስ ዳታ ይበላል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ምክንያት አይሆንም። አንሲብል ላይ አፕዴት ካሽን ከፍታችሁ ካሽ ቫሊድ ታይምን 86400 ሰከንድ በሉት፤ ዝርዝሩ አንድ ቀን ካልሞላው አይነካውም። ብዙ ማሽን ካላችሁ አንዱ ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ ጫኑና ሌሎቹን በእሱ በኩል አሳልፉ፤ አንዴ የወረደው ፋይል ለሁሉም ይደርሳል። ታድሶም 404 የሚል ከሆነ የሲስተሙ ቨርዥን ራሱ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እዩ። ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ድጋፉ አብቅቷል፤ እሱን ይዞ ኔትወርክ መውቀስ ምን ይባላል?

ነገሩ ፕሮግራም የመጫን ብቻ አይደለም። ዝርዝሩ ያረጀ ማሽን የሴኩሪቲ ጥገና መውጣቱንም አያውቅም። «የሚታደስ ነገር የለም» እያለ ቀዳዳውን ከፍቶ ይቀመጣል። ላዩ ላይ ያለው ደግሞ የተማሪ ውጤት ነው፣ የታካሚ ካርድ ነው፣ የደመወዝ ሰነድ ነው።

«ኔትወርክ የለም» ካልን ማንም አይጠይቀንም፤ ደቡብ ኦሞ ሩቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ርቀቱ ለስንፍና መሸፈኛ ሲሆን፣ በእውነት ኔትወርክ የጠፋ ቀን ብንጮህም የሚያምነን አይኖርም። ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ በየቢሮው ሰርቨር የያዛችሁ፣ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ኤረሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ሰዓቱን እዩ፤ ዝርዝሩን አድሱ። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ኔትወርኩን አብረን እንወቅሳለን።