ጄይላን የሚከሰው ማንን ነው?

ቱርክን በድራማ እናውቃታለን። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ኢስታንቡል ከነቪላዋ፣ ከነበቀሏና ከነዕንባዋ ስንቱ ሳሎን ገብታለች። የዳይሬክተሩ የኑሪ ቢልጌ ጄይላን ኢስታንቡል ግን ሌላ ናት፤ በረዶ የጣለባት፣ ሥራ ፈላጊ የሚንከራተትባት፣ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው የሚያድሩባት ከተማ።

የጄይላን ስም ሲነሳ ቀድማ የምትመጣ አንዲት ሐሜት አለች፦ "ፊልሙ ይንቀረፈፋል!" አልክድም፣ ይንቀረፈፋል። የ2014ቱ "የክረምት እንቅልፍ" ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ የ2023ቱ "ስለ ደረቅ ሣሮች"ም እንደዚያው። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ለተመለከተ ግን የዝግታው ምክንያት ቀስ በቀስ ይገለጣል። በኔ እይታ ሰውየው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የሚመራው አንድ ችሎት ነው። ተከሳሹ የተማረው ሰው ነው። ዝግታው ደግሞ ተከሳሹ በገዛ አፉ ራሱን እስኪያጋልጥ የሚሰጠው ጊዜ ነው።

ጄይላን ራሱ ከተከሳሾቹ ወገን ነው። በ1959 ኢስታንቡል ተወልዶ፣ ልጅነቱን በቻናካሌ ክፍለ ሀገር የኒጄ በምትባል ትንሽ ከተማ አሳለፈ። በቦአዚቺ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ፤ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ወደ ሲኒማ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1999 በሠራው "የግንቦት ጭንቀት" አንድ ፊልም ሠሪ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አባትየው የለፋበትን መሬትና ዛፎቹን መንግሥት እንዳይወስድበት ይጨነቃል፤ ልጅየው ግን የሚያየው በካሜራው ውስጥ የሚገባውን ብቻ ነው። አባትና እናት ሆነው የተጫወቱት የጄይላን የራሱ ወላጆች ናቸው! ክሱን ከራሱ ቤት ጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ "ሩቅ" (2002) መጣ። ማህሙት ኢስታንቡል የሚኖር ፎቶ አንሺ ነው። ዘመዱ ዩሱፍ ከፋብሪካ ሥራው ሲቀነስ መርከብ ላይ ልቀጠር ብሎ እሱ ጋ ያርፋል። ማህሙት የታርኮቭስኪን ፊልም ከፍቶ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሰልችቶት ሊተኛ ሲሄድ የወሲብ ካሴት ይከታል! ይህስ ያስቃል። አንድ የኪስ ሰዓት ሲጠፋ ግን የዩሱፍ ስም ይነሳል። ማህሙት ሰዓቱን ያገኘዋል፣ ማግኘቱን ግን አይናገርም። በቃ፣ ይኸው ነው። ጩኸት የለም፣ ጥፊ የለም። አንድ የተማረ ሰው ድሃ ዘመዱ ሌባ መስሎ እንዲቀር በዝምታ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለውን ነገር በጥድፊያ ማሳየት አይቻልም።

ፊልሙ በ2003 ካን ላይ ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ሁለቱ ተዋንያንም የምርጥ ተዋናይነቱን ሽልማት ተጋሩ። ዩሱፍን የተጫወተው የጄይላን የአጎት ልጅ መህመት ኤሚን ቶፕራክ ግን ይህን አላየም። ከወራት በፊት በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር።

"የክረምት እንቅልፍ" ክሱን ወደኛ ወደ አምደኞች ያመጣዋል። ከ1982ቱ "ዮል" በኋላ ለቱርክ ሁለተኛውን የወርቅ ዘንባባ ያስገኘው ይህ ፊልም ነው። ዋናው ሰውዬ አይድን ይባላል። ስሙ በቱርክኛ "ምሁር" ማለት ነው፤ በኛ ጆሮ ደግሞ "አይድንም" የሚል ይመስላል፤ በሽታውም እንደዚያው ነው። በካፓዶቅያ ሆቴል አለው፣ ቤት ያከራያል፣ ለአንዲት የአካባቢ ጋዜጣም ስለ ሥነ ምግባር ይጽፋል። ኪራይ ያቃተው ተከራይ ዕቃ ሲወረስ "እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም" ባይ ነው። የተከራዩ ወንድም፣ የሰፈሩ ኢማም፣ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ አይድን የሚያስተውለው የእግሩን ሽታ ነው። ከዚያም ስለ ሃይማኖት አባቶች ንጽሕና ጽሑፍ ይጽፋል! ብዕር የያዘ ሁሉ ይህን አይቶ ሳይሸማቀቅ ማለፍ ይችል እንደሁ እንጃ።

ቅሬታ ግን አለኝ። በጄይላን ችሎት ሴቶች ለረጅም ጊዜ የሚታዩ እንጂ የሚሰሙ አልነበሩም። "ከዕለታት አንድ ቀን በአናቶሊያ" (2011) ውስጥ መብራት በጠፋበት ሌሊት የመንደሩ ሹም ልጅ ፋኖስ ይዛ ሻይ ታድላለች፤ ወንዶቹ በውበቷ ይደነግጣሉ፣ ትዝታቸውና ጸጸታቸው ይቀሰቀሳል። እሷስ ምን ታስባለች? አልተጠየቀችም። ትዕይንቱ ከሠራቸው ሁሉ ውቡ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን እንደ ፋኖሱ ዕቃ ናት።

ይህ እየተለወጠ መምጣቱ ደስ ይላል። ባለቤቱ ኤብሩ ጄይላን ከ2008ቱ "ሦስቱ ዝንጀሮዎች" ጀምሮ በጽሑፉ አብራው ትሠራለች። "ስለ ደረቅ ሣሮች" ላይ ኑራይ የምትባል በፍንዳታ እግሯን ያጣች መምህርት አለች። ሳመት የሚባለውን፣ ምሥራቅ አናቶሊያ ተመድቦ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚንቀውን የሥዕል አስተማሪ፣ እራት ላይ ታፋጥጠዋለች፦ ለሌላው ሰው ምን አደረግክ? እሱ ቃላት ያራቅቃል፣ እሷ ታጠብባለች። መርቬ ዲዝዳር በዚህ ሚና ካን ላይ ምርጥ ተዋናይት መባሏ ሲያንሳት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በካሜራው ብቻ ይጠየቅ የነበረው የተማረ ሰው በመጨረሻ ዓይን ለዓይን የምትጠይቀው ሰው አገኘ።

እና ከየት ይጀመር? የወርቅ ዘንባባውን ትታችሁ በ"ሩቅ" ጀምሩ፤ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ስልካችሁን አጥፉ። ከገጠር የመጣ ዘመድ ሶፋችሁ ላይ አድሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ያ ዘመድ ሆናችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ፊልሙ ትርጉም አያስፈልገውም። ሲያልቅ ዝም ብላችሁ ተቀመጡና አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ያን ሰዓት እኔ ባገኘው ኖሮ እናገር ነበር?