ቪትዙን አትናቁት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ገዝቼ ከሰርኩ የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። አሥር ዓመት ነድቶት፣ ሁለቴ ቀለም አስቀብቶት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሶበት፣ በመጨረሻ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሞልቷል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ምክር፣ «መኪና ከቀን ወደ ቀን ዋጋው ይወርዳል፤ ርካሹን ንዳና የተረፈህን ቤት ግዛበት» የሚለው፣ እዚህ ሲደርስ ያስቃል። «እሱ እዚያ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክሩ እዚህም ይሠራል፤ እንዲያውም ከዚያ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የሚሠራበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

እስኪ አልከሰርኩም የሚለውን ሰውዬ ሒሳብ እናስላ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ሲያወርደው አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ገባ። በዚያ ሰሞን አንድ ያገለገለ መኪና በ400 ሺህ ብር ገዝቶ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ሸጠው እንበል። አራት እጥፍ! ድግስ ያስደግሳል። በሸጠበት ሰሞን ግን ዶላር በባንክ 130 ብር አካባቢ ነበር። ሲገዛ የከፈለው 14,800 ዶላር ገደማ ነው፤ ሲሸጥ እጁ የገባው 12,300 ገደማ። አራት እጥፍ የሆነው የብሩ ቁጥር ብቻ ነው። የጎማውን፣ የባትሪውንና የቦሎውን ወጪ ገና አልቆጠርንም።

ይህን የምለው ገዢውን ለመንቀፍ አይደለም። ያንኑ 400 ሺህ ብር በቁጠባ ደብተር በዝቅተኛው የ7 በመቶ ወለድ አስቀምጦት ቢሆን በሰባት ዓመት 642 ሺህ ብር ገደማ በሆነለት ነበር፤ ያውም የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ ያለፈበትን ጊዜ አብሮ አሳልፎ። ቪትዝ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያቆመው ሰው ደብተር ካቀፈው ጎረቤቱ ተሽሏል። «መኪና ሀብት ነው» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ሞኞች አልነበሩም።

ሆኖም ዋጋውን ደግፎ ያቆመው ማን ነበር? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ከ400 በመቶ በላይ ኤክሳይዝ ጣለ፤ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ሁሉ በአንድ ጀንበር ተወደደ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ የድሮዋ ዲኤክስ እንደገና ከበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ሌላ ዙር ጭማሪ መጣ። ባለመኪናው በዚህ ሁሉ መካከል ያደረገው ነገር ቢኖር ዘይት መቀየር ነው። መንግሥት በሩን ሲዘጋው ውስጥ የቀረው ተወደደ። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ ተፈቀደና አይዲ 4 እና ቢዋይዲ መንገዱን ሞሉት። የአሥራ አምስት ዓመት ቪትዝ ሊገዛ የመጣ ሰው አሁን «ትንሽ ጨምሬ አዲስ የኤሌክትሪክ ብገዛስ?» ማለት ጀምሯል። በአንድ ደብዳቤ የመጣ ዋጋ በሌላ ደብዳቤ ሊሄድ ይችላል። ጥሪቱን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማሳረፍ ያስፈራኛል፤ መኪናው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

ምክሩ ከተወለደበት አገር፣ ከአሜሪካ እንነሳ። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት ሠርተው ቤት የገዙ ሐበሾች ብዙ ናቸው። እዚያ ባንኩ የተበዳሪውን ደመወዝ ብቻ አያይም፤ በየወሩ የሚከፍለውን ዕዳ ሁሉ ደምሮ ከገቢው ጋር ያስተያያል። አዲስ መኪና በብድር የገዛ ሰው በአማካይ በወር ከ700 ዶላር በላይ ይከፍላል። በ7 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት በሚያልቅ የቤት ብድር፣ በወር 700 ዶላር መክፈል ማለት 105 ሺህ ዶላር ገደማ መበደር ማለት ነው። አዲሱ መኪና ከቤቱ ላይ ሁለት መኝታ ክፍል ቆርሶ ወሰደ እንደማለት ነው። ያረጀ ኮሮላ የሚነዳው ሰው ያንን አቅም ይዞ ባንክ ይገባል። ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና ባለው ብድር 3.5 በመቶ ብቻ አስይዞ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት መግዛትም ይችላል፤ አንዱን ለራሱ ይዞ ሌላውን ያከራያል። የእኛ ሰዎች አቅማቸው እዚያ ካልደረሰ አንድ ቤት ገዝተው ቤዝመንቱን አዲስ ለመጣ ሐበሻ ይሰጣሉ። የኪራዩ ገንዘብ የሞርጌጁን እኩሌታ ሲሸፍን ኮሮላዋ ሌላ አምስት ዓመት ትነዳለች።

እዚያ እንግዲህ የኮሮላዋ ሥራ ባንኩን ማሳመን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሸክም የሚሸከመው ባንኩ ነው።

እዚህ እንዲህ ያለ ተሸካሚ የለም። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አፓርታማ አለ እንበል፤ በወር 25 ሺህ ብር ይከራያል፣ በዓመት 300 ሺህ። ለመግዛት 4 ሚሊዮኑን በ17 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 680 ሺህ ብር ይሆንበታል። ተከራዩ ከፍሎ ከፍሎ የወለዱን እኩሌታ እንኳ አይሞላለትም። አሜሪካ ያለው «ዕዳውን ተከራዩ ይከፍልልሃል» የሚለው ዘዴ አዲስ አበባ ላይ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ቤት ገዝተው ያተረፉት የከተማችን ሰዎች ያተረፉት ዋጋው ሲንር ነው፤ ቀድመው የገዙትም ጥሬ ብር የነበራቸው ናቸው።

ለዚህ ከ40/60 የቤት ፕሮግራም የተሻለ ማስረጃ የለም። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው ሲጀመር ተመዝጋቢው 40 በመቶውን እንዲቆጥብ፣ 60 በመቶውን ባንክ እንዲያበድረው ነበር የታሰበው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ በሰንጋ ተራና በክራውን ሳይቶች የመጀመሪያዎቹ 972 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ግን ዕጣው ውስጥ የገቡት ሙሉውን፣ 100 በመቶውን የከፈሉት ናቸው። በውሉ መሠረት 40 በመቶውን አሟልቶ ሲጠብቅ የነበረው ዳር ቆሞ አጨበጨበ። ይህ ትክክል ነበር ወይ ለሚለው መልሴ አይደለም ነው፤ ብዙ ሰው በጊዜው ይህንኑ ብሏል። ግን ያ ቀን የዚህችን ከተማ ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ይመስለኛል። ያኔ ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ መኪናውን በትልቁ የቀየረ ሰው፣ ሳያውቀው ከዚያ መስመር ወጥቶ ነበር።

እንግዲህ ቪትዝ የምትጠቅመው በዚህ ነው። ባንክ የማይሰጠንን ብር የምታበድረን እሷ ናት። በእሷና ሰው «ደህና መኪና» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ያ 2 ሚሊዮን ወለድ የሌለው ብድር ነው። በዚያ ላይ በየዓመቱ የሚወልደው አለ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ነው፣ ጎማው በመጠኑ፣ ቤንዚኑ በሞተሩ። አንድ ሊትር ሞተርና ሁለት ሊትር ተኩል ሞተር ማደያ ላይ አንድ ዓይነት ሰልፍ ቢሰለፉም ሒሳባቸው አንድ አይደለም። ይህን ትርፍ ሳምንታዊ ዕቁብ ውስጥ የሚጥል ሰው አውቃለሁ። ዕጣው ሲወጣለት እንደ ወትሮው መኪና አይቀይርም፤ ምን ላይ እንደሚያውለው ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

«መኪና ቅንጦት ነው፣ ታክሲ ተሳፈር» ከሚሉት ጋር ግን አይደለሁም። ኮንዶሚኒየሙ የደረሰን ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ነው። ቤቱ ራሱ መኪናውን ይጠራዋል። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ከዚያ ተነስቶ ሜክሲኮ ለመድረስ ስንት ሰልፍ እንደሚሰለፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቪትዝ ለራይድና ለፈረስ የሚሠራ ሰውም መኪናዋ ቀለቧን ራሷ ትችላለች፤ እሱ መኪና ሳይሆን ሥራ ነው የገዛው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ዓይን ነው። ደላላው ቤት ሊያሳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የወረድክበትን መኪና ነው፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይናገራል። የሆቴል ዘበኛ በሩን በምን ፍጥነት እንደሚከፍት አልናገርም። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ እዚያ ከሱ የባሰ አሮጌ ኮሮላ የሚነዳ ያለ አይመስለኝም። በዚያችው ኮሮላ ሁለት ቤት ገዝቷል። ባለፈው መጥቶ ቪ8 ተከራየ።

«እዚያ ኮሮላ፣ እዚህ ቪ8? ምን ይባላል ወንድሜ?» አልኩት።

«እዚያ ማን ያውቀኛል! እዚህ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ስቀን አለፍነው። ነገር ግን እሱ በሁለት ሳምንት ኪራይ የሚገላገለውን ይሉኝታ እዚህ የምንኖረው ዓመቱን ሙሉ እንገብርለታለን። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፤ በየቦታው መኪና ቆሞ ይታያል። በደመወዝ የሚተዳደር፣ ተከራይቶ የሚኖር፣ ቤት ኪራይ ሲጨመርበት የሚጨነቅ ሰው ከሚኖርበት ቤት ጣራና ግድግዳ በላይ የሚያወጣ መኪና በኪራይ ግቢ ሲያቆም አያለሁ። አከራዩ ደግሞ መኪናዋን አይቶ ኪራይ ይጨምራል። ይህን እንኳ ሰውየው ያወራረደው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀላል መኪና ማለት የተሰበረ መኪና ማለት አይደለም። «በርካሽ አገኘሁ» ብሎ የተጋጨች፣ ሞተሯ ሁለቴ የተከፈተች መኪና የገዛ ሰው ቅዳሜውን ጋራዥ፣ ሰኞውን ሶማሌ ተራ ያሳልፋል። ቪትዝና ኮሮላ የተመረጡት መለዋወጫቸው በየተራው ስለሚገኝና የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታቸው ነው። ያቺን ጥሩ አድርጎ መያዝ ነው እንጂ የባሰ ርካሽ ፍለጋ መውረድ ኪሳራ ነው።

የተረፈው ብር ወዴት ይሂድ? ባንክ ከተቀመጠ እንደ ጨው እንደሚሟሟ ከላይ አይተናል፤ የኔ ክርክር ደካማ ጎንም ይኸው ነው። ሙሉ ቤት እስኪገዛ ድረስ የሚያጠራቅም ሰው በቤት ዋጋ ይቀደማል። ብልሆቹ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ያሳርፉታል። ይዞታ ያለው ወይም ከወላጅ ግቢ የደረሰው ሰው ከኋላ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ይሠራል፤ ያኛው ባለ ዕቁብ ያደረገው ይህንን ነው። ዕቁቡ ሲደርሰው አርማታ ብረትና ብሎኬት ገዛ፣ በሁለተኛው ዕቁብ ጣራ መታ፣ ከዚያ ዋናውን ቤት አከራይቶ ራሱ ከነቤተሰቡ ሰርቪሱ ውስጥ ገባ። ሚስቱ መጀመሪያ እንዳኮረፈች ሰምቻለሁ፤ አይፈረድባትም። ይህ የቨርጂኒያው ቤዝመንት የአዲስ አበባ መልኩ ነው፤ ልዩነቱ የባንክ ወለድ የሌለበት መሆኑ ነው።

ይዞታ የሌለው ወደ ሪል እስቴት ይሄዳል። እዚያ ዓይን መግለጥ ያስፈልጋል። ውሉ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይጨምራል የሚል አንቀጽ አለው? የማስረከቢያው ቀን ቢያልፍ የሚከፈል ቅጣት ተጽፏል? መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ የሚገዛው ቤቱና የሊዝ መብቱ ስለሆነ የሊዙ ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን ማጣራት ይገባል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን እንዴት እንደቀየረው ላየ ሰው፣ ቦታው በከተማው ፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ መጠየቅ ፍርሃት አይደለም።

አከራይ ሊሆን ያሰበም የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያንብብ። ውሉ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም እንደ ድሮው በስልክ የሚነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል። እነዚህ ሁለቱ የኪራዩን ትርፍ ይቆነጥሩታል እንጂ አያጠፉትም፤ ቅድም ያሰላነው 300 ሺህ ብር ግን በሙሉ ኪስ የሚገባ አለመሆኑን ገዢው ቤቱን ከመዋዋሉ በፊት ወረቀት ላይ ያስፍረው።