ባንኮክን ከላይ ብቻ ያየ አላያትም

ባንኮክ ደርሶ የተመለሰ የአገራችን ሰው ወሬ ሦስት ነገሮችን አያጣም፤ ባቡሩን፣ ሞሉን እና ሆስፒታሉን። ልብስ ልታመጣ ሄዳ ፕራቱናም ገበያ የከረመችው ነጋዴም፣ ለሕክምና የሄዱት አባትም፣ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ሁለት ቀን ያደረው ወጣትም ሲያወሩ ይኸው ነው። “ታች መኪናው ተገትሯል፣ እኛ በላይ በላይ ሽው!” ይሉናል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ “እኛ መቼ ነው እንደነሱ የምንሆነው?”

ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ግን “እነሱ” የተባሉት እነማን ናቸው? በባቡሩ የሚሄዱት ናቸው ወይስ ከባቡሩ ሥር የሚሠሩት? እኛን ከጠየቃችሁን ባንኮክን የሚያኖሯት ከባቡሩ ሥር ያሉት ናቸው። የምንቀናባት ከሆነም በነሱ ነው መቅናት ያለብን።

በመጀመሪያ ለማያውቋት እናስተዋውቃት። ባንኮክ የምንላት እኛ ነን፤ ልጆቿ “ክሩንግ ቴፕ” ይሏታል፣ የመላእክት ከተማ እንደማለት ነው። በ1782 ዋና ከተማ ሆነች፤ ሙሉ ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 168 ፊደል ይሆናል፤ ጊነስ መዝገብ ላይም ሰፍሯል። ስፋቷ ከ1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በ50 ወረዳዎችም ተከፋፍላለች። በመዝገብ ያለው ነዋሪዋ አምስት ሚሊዮን ከምናምን ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሳይመዘገብ የሚኖረውና በዙሪያዋ የተኮለኮለው ሲደመር ግን ከአሥር ሚሊዮን ያልፋል።

ለሐበሻ ደግሞ ያን ያህል ባዕድ አይደለችም። የዘመን አቆጣጠራቸው ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል፣ የኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል። በኛና በነሱ መካከል 550 ዓመት ገደማ አለ ማለት ነው! (ለዚህ ነው ይህ ጽሑፍ እንዳይምታታ በፈረንጁ የሚቆጥረው።) የምሽቱን ሰዓት ግን ልክ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን እነሱም አንድ ይሉታል። ጎዳና ላይ ሲጠራሩም እንደኛው በዝምድና ነው። ሾርባ የምትሸጠዋን ሴት “አክስቴ”፣ ባለ ታክሲውን “አጎቴ”፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጣቸውን “ታላቄ” ብለው ይጠራሉ።

አሁን ወደ ባቡሩ እንመለስ። ባቡሩ ክፉ ነው አላልንም። በ1990ዎቹ የባንኮክ የመኪና ጭንቅንቅ የዓለም መተረቻ ነበር፤ ምጥ የያዛት እናት መንገድ ላይ እየቀረች የትራፊክ ፖሊሶች ማዋለድ እስከመሠልጠን ደርሰዋል። በታኅሣሥ 1999 “ስካይ ትሬን” በሁለት መስመር ሥራ ጀመረ፣ በ2004 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ ተከተለ። ዛሬ መስመሩ ተባዝቶ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ይደርሳል። ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዓቱን ያከብራል። ማን ይጠላል?

ግን ሒሳብ እንሥራ። በ2023 መጀመሪያ የስካይ ትሬኑ ታሪፍ ሲከለስ ከዳር እስከ ዳር ለሚጓዝ ሰው ትልቁ ክፍያ 62 ባህት ሆነ። በዚያው ዓመት የባንኮክ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ 353 ባህት ነበር። ደርሶ መልስ 124 ባህት ማለት የቀን ሠራተኛው ከሚያገኘው ከሦስት እጅ አንዱን ለባቡር ከፈለ ማለት ነው። ቤት ኪራይ ርካሽ የሆነው ደግሞ ዳር ላይ ነው፤ ረጅሙን ርቀት የሚጓዘውም ትንሽ የሚያገኘው ነው። መንግሥት ራሱ ነገሩ ገብቶት በጥቅምት 2023 በሁለት መስመሮች ላይ የትም ይኬድ የት ከ20 ባህት የማይበልጥ ታሪፍ ጀምሮ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ምን ይሳፈራል? ማቀዝቀዣ የሌለውን፣ መስኮቱ የተከፈተውን፣ ለረጅም ጊዜ 8 ባህት ሲያስከፍል የኖረውን ቀይ አውቶቡስ። ትኬት ቆራጯ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦዋን እያንቋቋች ስትመጣ ሳንቲሙን ይሰጣታል፤ ከዚያ ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ እያየ እዚያው ጭንቅንቅ ውስጥ ይቀመጣል። ከኛ ጋር የሚያወራው መንገደኛ “ታች መኪናው ተገትሯል” ያለው ይህን ሰው ነው።

ባቡር የሚሳፈረውም ቢሆን ቤቱ የሚደርሰው በባቡር አይደለም። ባንኮክ የተሠራችው በሩዝ እርሻና በውሃ ቦይ ላይ ነው። ሰፋፊ መንገዶቿ ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ የሚገነጠሉት “ሶይ” የሚባሉት ጠባብ መንገዶች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። ብዙዎቹ ይረዝማሉ፣ ብዙዎቹ ጫፋቸው ዝግ ነው። ባቡሩ ከሶይው አፍ ላይ አውርዷችሁ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ደጃፋችሁ ያለውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በዚያ ሙቀት፣ ወይም በዚያ ዝናብ፣ በምን ትሄዱታላችሁ?

መልሱ ሶይው አፍ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል፤ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው ባለ ሞተር ሳይክል። ተራቸውን “ዊን” ይሉታል። ይህ ሥራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማንም ሳያቅደው የተፈጠረ ነው፤ ከተማው የተወውን ክፍተት ሰዎች ሞሉት። ቀሚስ የለበሰች የቢሮ ሠራተኛ አንድ ጎን ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስልኳን እየነካካች በመኪኖቹ መሐል ታልፋለች። እኛ ከኋላ ሆነን ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንሄደው! ተማሪ የሚያመላልሱት፣ ደብዳቤ የሚያደርሱት፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በመልኩ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለብዙ ዓመታት ሰደርያውን የሚያከራዩት፣ ከየተራውም ገንዘብ የሚሰበስቡት የሰፈር ጉልበተኞችና ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ነበሩ። በ2003 የታክሲን ሺናዋትራ መንግሥት አሽከርካሪዎቹን መዝግቦ ቁጥርና ሰደርያ በስማቸው ሰጣቸው። ጉልበተኛው በአንድ ቀን አልጠፋም፣ አደጋውም አልቀረም፤ ታይላንድ በመንገድ አደጋ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው አገሮች አንዷ ናት፣ አብዛኞቹ ሟቾችም ባለ ሞተሮች ናቸው። ነገር ግን ሐሳቡን እዩት። “ለከተማው ገጽታ አይመጥኑም” ብሎ ማባረር ሲቻል “ተመዝገቡና ሥሩ” ተባሉ።

የቦይ ጀልባውም እንዲሁ ነው። ሳን ሳፕ የሚባለው ቦይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ ነው፣ ውሃው የጠቆረና የሚሸት ነው፣ ቱሪስት አፍንጫውን ይይዛል። ከ1990 ጀምሮ ግን ረጃጅም ጀልባዎች ሠራተኛውን እንደ አውቶቡስ ያመላልሱበታል። ጀልባው እንደቆመ ካልዘለላችሁ ትቶአችሁ ይሄዳል። ትኬት ቆራጩ ሄልሜት አድርጎ በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል እየተራመደ ሒሳብ ይቀበላል፣ ዳር የተቀመጠው ተሳፋሪ ውሃ እንዳይረጨው የላስቲክ መጋረጃውን በገመድ ይስባል። ዋጋው ከባቡሩ ይረክሳል። በሥራ መውጫ ሰዓት ደግሞ ታክሲ የተሳፈረውን ጥሎት ይሄዳል።

እና ምግቡ! የባንኮክ ኪራይ ክፍሎች ብዙዎቹ ማድ ቤት የላቸውም። ከሥራ የምትመለስ ልጅ ሩዟን፣ ወጧን፣ ፍራፍሬዋን ሁሉ በትንንሽ ፌስታል ቋጥራ ነው የምትገባው፤ ታዮች እንዲህ ያለችውን “የፌስታል እመቤት” ብለው ይቀልዱባታል። ስለዚህ ያልበሰለ ፓፓያ በሙቀጫ የምትወቅጠው አክስት ለቱሪስት ፎቶ የቆመች ጌጥ አይደለችም። የከተማው ማድ ቤት ናት።

ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የከተማው አስተዳደር “የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ” ብሎ ዘመቻ ጀመረ። ለመንገድ ሻጮች ተፈቅደው ከነበሩት ቦታዎች አብዛኞቹ ተሰረዙ። በሚያዝያ 2017 ጭራሽ የጎዳና ምግብ ከባንኮክ ሊጠፋ ነው የሚል ዜና ወጣ። ዓለም ሲንጫጫ አስተዳደሩ ቱሪስት የሚያዘወትራቸው ያዋራትና ካኦ ሳን እንደማይነኩ ተናገረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሚሸሊን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የመጀመሪያውን የባንኮክ እትሙን ሲያወጣ ጄይ ፋይ ለምትባል፣ ከመንገድ ዳር ሱቋ በከሰል ለምትጠብስ አሮጊት ኮከብ ሰጠ። ዳኞቹ ያከበሩትን ደንብ አስከባሪው እያነሳው ነበር ማለት ነው።

እኛን ያናደደን ግን ለቱሪስቱ ተብለው የተተዉት ሁለት ሰፈሮች ናቸው። ለፈረንጁ ፎቶ ሲሆን “ባህላችን” የሚባለው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ እራት ሲሆን “ሕገ ወጥ” ይባላል። ሻጯ ስትነሳ ልጅቷ ሞል ውስጥ ገብታ አትበላም፤ ራቅ ብላ ትፈልጋለች፣ ወይም ከሱቅ የታሸገ ነገር ገዝታ ትገባለች። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛዋ ኑሮ ግን ጠበበ።

ይህን ስንጽፍ አዲስ አበባን አላሰብንም ብንል ማን ያምነናል? የኛም ባቡር በ2015 ሥራ ጀምሯል። ከ2024 ወዲህም በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶቻችን ሰፍተዋል፣ መብራትም ተተክሎባቸዋል። መራመድ ማን ይጠላል? ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ቆሎ የምትሸጠዋ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ፣ ሊስትሮው በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ ቁጥርና ቦታ ተሰጥቷቸዋል ወይስ ተነስተዋል? ከባንኮክ ባቡሩን ለመኮረጅ ቢሊዮኖች ያስፈልጋሉ። ሰደርያውን ለመኮረጅ የሚያስፈልገው መዝገብና ቀና ልብ ነው።

እናም ባንኮክ የምትሄዱ ወዳጆቻችን፣ በባቡሩ ተሳፈሩ፣ ሞሉንም እዩ። ከዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዱ ጣቢያ ወርዳችሁ ደረጃው ሥር ቁሙ። ማን እንደሚያበላ፣ ማን እንደሚያደርስ፣ ማን እንደሚጠርግ ተመልከቱ። ስትመለሱም ከፎቁ ጋር ስለነሱም አውሩልን፤ “እንደነሱ” የምንለው ያን ጊዜ ማንን እንደሆነ እናውቃለን።

ቸር እንሰንብት።