የነፍሰ ጡር ረሃብ ምጥን አያቀልም

«ብዙ አትብዪ ልጄ፤ ይገዝፍና ምጡ ይጸናብሻል።» በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ሆዷ መግፋት የጀመረች ሴት ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር ይህ ነው። የምትመክራት አማቷ ናት፤ አንዳንዴም የገዛ እናቷ። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ስሕተት ነው፤ ልጅም ይገድላል።

ወሯ የገፋ ምራት ከምንጭ ጀሪካን አዝላ ትመለሳለች፤ ወገቧን ሳታሳርፍ ምጣድ ትጥዳለች። ማዕድ ሲቀርብ ባልና አማት ይቀድማሉ፤ ልጆች ይከተላሉ፤ እሷ መሶቡ ላይ በቀረው ቁራሽ የወጡን ጥራጊ ታብሳለች። ከጭዱ ላይ የተለቀመው እንቁላል ለገበያ ይቀመጣል፤ ጨውና ቡና የሚገዛው በእሱ ነው። ወተት ካለም «ነጭ ነገር ልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል» ተብሎ ይከለከላል። ሲወለድ በልጁ ቆዳ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር እኮ ማህፀን ውስጥ ሳለ ቆዳውን የሚጠብቅለት ቅባት ነው፤ ከወተት ጋር አይገናኝም። ምራቲቱ ግን አትከራከርም። የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋዋል።

ፍርሃቱን አልንቅም። ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ሥር ካሉት የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የተሸከመ ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ደግሞ መኪና ያለበት ቦታ እንኳ መንገዱ ሲዘጋ አምቡላንስ አይደርስም። የዛሬ አማቶች ምጥ ጸንቶባት ልጇ በሆዷ የሞተባትን፣ እሷም ፊስቱላ ይዟት ከሰው ተለይታ የቀረችውን ሴት በዓይናቸው አይተዋል። ቀዶ ሕክምና በሌለበት ዘመን በእጃቸው የነበረው ማዕዱ ብቻ ነበር፤ ልጁ ካነሰ ይወጣል ብለው አሰቡ። እንዲህ ለማሰብ ምክንያት ነበራቸው። የመረጡት መፍትሔ ግን የፈሩትን ነገር መልሶ የሚወልድ ሆነ።

ምጥ የሚጸናው በአብዛኛው የእናቲቱ ዳሌ ሲጠብ ወይም ልጁ በማህፀን ውስጥ ያለው አቀማመጥ ሲጣመም ነው። የዳሌ ጥበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥሩ በልጅነት መቀንጨር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አምስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ቁጥር ይህ ነበር። የተራበች እናት ከሲታ ሴት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጅቷ ቀንጭራ ታድጋለች፤ ዳሌዋ ሳይሰፋ ትዳራለች፤ ስታረግዝም እንደገና «ብዙ አትብዪ» ትባላለች።

«ብትበላ ልጁ ይገዝፋል» ለሚለው የማውቀው ጥሩ ምላሽ ከጋምቢያ ነው። በዚያ አገር ገጠር በ28 መንደሮች ለአምስት ዓመት የቆየ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሴቶቹ እንደ እኛዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ እነሱም እህል ከጎተራ ሲያልቅና የእርሻ ሥራ ሲበዛ የሚከሱበት ወቅት አላቸው። ከእርግዝናቸው አጋማሽ ጀምሮ በየቀኑ ከኦቾሎኒ የተሠራ ብስኩት ተሰጣቸው። የልጆቹ ክብደት በአማካይ 136 ግራም ጨመረ፤ በረሃቡ ወቅት ደግሞ 201 ግራም። የጭንቅላታቸው ዙሪያ የጨመረው ግን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞተው የሚወለዱት ልጆች በግማሽ ያህል ቀነሱ። አማት የምትፈራው የልጁ ጭንቅላት ነበር፤ ምግቡ የጨመረለት ግን ሥጋና አቅም ነው። ምጥ ሲመጣ ደግሞ አቅም ያስፈልገዋል፤ ማህፀን በጨመቀ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳልና፣ ከስቶ የገባ ልጅ ያን ይዞ የሚዘልቅበት ስንቅ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም የምግብ እጥረት ባለበት ሕዝብ ውስጥ ለነፍሰ ጡር ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመክር፣ አንዱ ምክንያቱ ሞቶ የሚወለደውን ልጅ ቁጥር መቀነስ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል።

አሁን ደግሞ ሌላ ድምፅ መጥቷል። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ዩቲዩቡ «ነፍሰ ጡር ሆይ፣ ውፍረትሽን ተቆጣጠሪ» ይላሉ። ለሚመለከታት ሴት ነገሩ እውነት ነው። 38 ጥናቶችን አጣምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ፣ የእናት ክብደት ከቁመቷ ጋር ሲመዛዘን በአምስት ነጥብ በጨመረ ቁጥር ልጇ ሞቶ የመወለዱ ዕድል በሩብ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ውፍረት የደም ግፊትንና ስኳርን ይጠራል፤ እንግዴ ልጁንም ያደክማል። ትከሻው እስኪያዝ ድረስ የሚገዝፈው ልጅም በብዛት የሚታየው ስኳር ባለባትና በወፈረች እናት ላይ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ልጅ ሞቶ እንዲወለድ ከሚያደርጉትና ሊቀነሱ ከሚችሉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ውፍረት ነው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላይ «ለሁለት ሰው ብዪ» እያሉ ቁጭ ያደረጓትን ሴት ሐኪሟ ቢቆጣት ልክ ነው።

ግን ማን ለማን ይናገራል? ያው የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመጠን በላይ የከበዱት 8 ከመቶ፣ ከሚገባቸው በታች የከሱት ደግሞ 22 ከመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። ከጉና ሥር ገብስና ድንች አምርታ የምትኖር፣ ቁልቁልና ሽቅብ የምትመላለስ ሴት ከየትኛው ወገን እንደምትሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የከተማው ማስጠንቀቂያ ያለ ሚዛን ሲሰራጭ ነፋስ መውጫና ወገዳ ላይ የሚያርፈው በአማት ምክር ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህት ስልክ ደውላ «ዶክተሩ ድንቹንና ቅቤውን ቀንሺ ብሎኛል፣ አንቺም ተጠንቀቂ» ብትል፣ የድሮው ፍርሃት የዶክተር ማኅተም አገኘ ማለት ነው። በዓለም በሚሠራበት መመሪያ በጣም የወፈረች ሴት እንኳ በእርግዝናዋ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ትጨምራለች፤ የከሳች ደግሞ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ። ስለዚህ «ክብደትሽን ጠብቂ» የሚል ባለሙያ ለየትኛዋ ሴት እየተናገረ እንደሆነ አብሮ የመናገር ግዴታ አለበት።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሴቲቱን ማብላት የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። ከወለደች በኋላ ተመልከቷት። ገንፎው በቅቤ ይዋጣል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ ዶሮ ይታረዳል፤ ጎረቤት ዱቄትና እንቁላል ይዞ ይገባል፤ አራስ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ አትነካም። ይህን የሚያደርጉት ትናንት በዚያው ሆድ ጀሪካን ያሸከሟት ሰዎች ናቸው። ደሃው ቤት እንኳ ለአራስ የሚሆን ቅቤ ከወራት በፊት ያጠራቅማል። ከዚያ ቅቤ ግማሹ፣ ከዚያ እንቁላል ጥቂቱ በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ለምን አይሰጣትም? ልጁ ሥጋ የሚገዛው በእነዚህ ወራት ነው። ልጁ ሞቶ ከተወለደ ደግሞ የጎረቤቱ እግር ያጥራል፤ ክርስትና ሳይነሳ ስለቀረ ለቅሶውም ከቤት አይወጣም።

ጤና ኬላው ምን ይላል? «የተመጣጠነ ምግብ ብዪ።» ግድግዳው ላይ ብርቱካንና ዓሣ ተሥሏል፤ እሷ ቤት ያለው ድንች፣ ገብስና ባቄላ ነው። ክንዷ በሜትር ይለካል፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከስታለች ማለት ነው። ኪሎዋ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ የደም ማነስ እንክብል ትቀበላለች፤ ትሄዳለች። ያ ቁጥር ካለፈው ቀጠሮ ጨመረ ወይስ ባለበት ቆመ ብሎ የሚጠይቃት ከሌለ መመዘኗ ምን ጠቀማት? በባቄላ ክክ የተሠራ አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ አንድ እንቁላል፣ በሶ በምሳ ሰዓት ማለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አያቅታትም።

ጾምም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ የንስሐ አባት እንደሚያቀልል ካህናቱ ያውቃሉ፤ ሴቲቱ ግን «ምን ይሉኛል» ብላ እስከ ቀትር በኋላ ባዶ ሆዷን ትውላለች። ካህናቱ ይህን በጓዳ ሳይሆን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ሊናገሩት ይገባል፤ አማት የምትሰማው እነሱን ነው። ሴፍቲኔትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ አለ፤ ደንቡ ነፍሰ ጡሯን ከሕዝብ ሥራ ነፃ አድርጎ ድጋፉን እንድታገኝ ያዛል። ከውኃውና ከእንጨቱ ነፃ የሚያደርጋት ደንብ ግን የለም፤ ድጋፉም ቤት ሲደርስ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል።

ልጁ በሆዷ ሲሞት «ሾተላይ ነው» ይባላል፣ ወይም «እግዜር ያልሰጠው»፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። እኔ እንዲከፈት እፈልጋለሁ። ክንዷ ስንት ነበር? በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስንት ኪሎ ጨመረች? ምጥ ከያዛት ስንት ሰዓት በኋላ ተነሡ? እነዚህን የጤና ጣቢያው ኃላፊ በየቀበሌው ጠይቆ ይጻፍ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ሲሰጥ አማቲቱም ትጠራ፤ ምራቷ ሚዛን ላይ ስትቆም ቁጥሩ በፊቷ ይነገር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልጨመረ፣ ጥያቄው መሶቡን ለያዘችው ይቅረብ።