የሩቁን መስማት የቅርቡን አያስረሳም



ዘንድሮ በመጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። እርሱም በጋይንት ተቀምጦ የሩሲያን የፒያኖ ኮንሰርቶ ስለ መስማት ነው። ኮንሰርቶ ማለት አንድ ፒያኖ መቺ ከብዙ ሙዚቀኞች ጋራ እየተቀባበለ የሚጫወተው ረዥም ድርሰት ነው።

ጓደኞቼ ሳዳምጥ ባገኙኝ ጊዜ «የጋይንት ልጅ ፈረንጅ ሊሆን ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። አባቴ ግን የቀልድ ሳይሆን የምር፥ «ልጄ፥ የሰው አገር ዜማ ጆሮህን ከሞላው የራስህ የት ይገባል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን እዚህ ለመስጠት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልቤን የሳበው የሰርጌይ ራህማኒኖቭ ሁለተኛው ኮንሰርቶ ነው። ይህ ሩሲያዊ በ1873 ተወልዶ በ1943 ዐረፈ። በ1897 የመጀመሪያው ሲምፎኒው በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ሳይወደድ ስለ ቀረ፥ ኀዘን ተጭኖት ለብዙ ጊዜ ድርሰት መጻፍ አቅቶት ነበር። ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም ከረዳው በኋላ ግን በ1901 ይህን ኮንሰርቶ ፈጸመና መታሰቢያነቱን ለሐኪሙ አደረገ። በ1929 ደግሞ ራሱ ፒያኖውን እየመታ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋራ በሸክላ አስቀረጸው። የዚያን ጊዜ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ነበረ ድርሰቱ በብዙ ሸክላ ተከፋፈለ። እኔ ዛሬ ያንኑ ቅጂ ሳይቋረጥ በስልክ እሰማዋለሁ። ሸክላው ቢንሿሿም፥ ሰውየው ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ጣቶቹ ይናገራሉ።

ኮንሰርቶው ሲጀምር ፒያኖው ብቻውን፥ በዝግታ፥ እንደ ሩቅ ደወል ይሰማል፤ ድምፁም እየበረታ ይሄዳል። አንድ ቀን ይህን መጀመሪያ ድጓ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፥ «ይህ ሰው ደወል እየሰማ ያደገ ነው» አሉኝ። ራህማኒኖቭ በልጅነቱ ከአያቱ ጋራ በኖቭጎሮድ ከተማ የአብያተ ክርስቲያናቱን ደወልና መዝሙር ይሰማ እንደ ነበረ ገና አልነገርኋቸውም ነበር!

ቀጥለውም፥ «አንተስ የቤተልሔምን ዜማ ከቆማው ለይተህ ታውቃለህ?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም በጋይንታችን ሳለች፥ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም እዚሁ ሳለ፥ የፊላደልፊያን ቫዮሊን ከዋሽንት የምለይ እኔ የደጄን ዜማ መለየት ተሳነኝ። አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ በሸክላው የተማርሁትን ትዕግሥት ይዤ ማሕሌት እቆማለሁ፤ ግዕዙን ከአራራዩ መለየትም ጀምሬአለሁ።

ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሳይተውናል። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በኋላም በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ በጎንደር ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በዚያም የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች በየደጁ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። በ1967 የፒያኖ ድርሰታቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ለችግረኞች ልጆች መርጃ እንዲሆን ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ቢያርፉም ቅጂው ዛሬም ይሰማል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ትምህርት ቤታችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለማዳመጥ ይመድብልን፤ እኩሌታው ለውጭ አገር ታላላቅ ድርሰቶች፥ እኩሌታው ለአገራችን ዜማ ይሁን። ሁለተኛ፥ የድጓ መምህራኖቻችን ከፈቀዱልን ድምፃቸውን እንቅዳ። ምልክቱ በብራና ላይ ቢጻፍም፥ ዜማው የሚገኘው ከመምህር አፍ ነው። ራህማኒኖቭ በ1929 ባያስቀርጽ ኖሮ አጨዋወቱን ማን ያውቅልን ነበር? የእኛስ የኔታዎች ሲያልፉ፥ መቅጃው በየኪሳችን እያለ ድምፃቸው አብሮ ሊቀበር ነውን?

እንግዲህ ለአባቴ መልሴ ይህ ነው፤ አባባ፥ የሰው አገር ዜማ ጆሮዬን አልሞላውም፤ ከፈተልኝ እንጂ።